ከሥዕል ወደ ስፌት፦ ስለ ልዕለ ጀግኖች ልብስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመድረክና የፊልም ልብስ መስፋት ነው፤ ኮሚክስ፣ በሥዕል የሚተረኩ ታሪኮች፣ ማንበብ የጀመርኩት ግን መቀስ ከመያዜ በፊት ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ትናንት ማታ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኳቸው። ምሳሌ የማበዛው ከ«ብላክ ፓንተር» ነው፤ የማርቭል ኩባንያ ኮሚክስና ፊልም ጀግና፣ ዋካንዳ የተባለች ምናባዊ አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ነው። የመረጥኩት ስለማውቀው ብቻ ሳይሆን ከልቤ ስለምወደው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳማ፦ የኮሚክሱ ሥዕል አለ፣ ቀለሙ አለ። ልብስ ሰፊው ያንኑ እንዳለ ሰፍቶ ተዋናዩን ለምን አያለብሰውም? መለወጥ ለምን ያስፈልጋል?

ሥዕሉ ላይ ልብስ ስለሌለ ነው። አንድ ገጽ ገልጠህ ረጋ ብለህ ተመልከት። ሠዓሊው የሳለው ቀለም የተቀባ ገላ ነው። እያንዳንዱ ጡንቻ ይታያል፤ ጉልበት ላይ የተጨማደደ ጨርቅ የለም፤ ብብት ሥር ስፌት የለም፤ ዚፕ የት እንዳለ አይታወቅም። ያንን በሕይወት ላለ ሰው ስትሰፋለት ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ጉልበቱ ላይ ይሸበሸባል፣ ሲቀመጥ ወገቡ ላይ ይሰበሰባል።

«ብላክ ፓንተር» ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ ጥቁር ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966 በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ላይ ሲያወጡት በጥቁሩ ላይ ብርሃን የሚያሳይ መስመር ጣል ጣል ማድረግ በቂ ነበር። ካሜራ ፊት ግን ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ይውጣል፤ ጀግናው የሚሮጥ ጥላ ይሆንብሃል። የ2018ቱን ፊልም ልብሶች የሠራችው ሩት ካርተር ልብሱን ስትረከብ መልኩ ከማርቭል ሠዓሊዎች ዘንድ ተነድፎ ነበር። እርሷ በጨርቁ ላይ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖችን እንደ ሽመና ጥበብ ደርድራ ከፍ ብለው እንዲታተሙ አደረገች። ከሥሩ ያለው ጡንቻ መሰል ገበር የብር ቀለም ተቀብቷል፤ ስለዚህ ሰውየው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከጥቁሩ ውስጥ ብልጭ ይላል። ከሲኒማው የኋላ ወንበር ላይ ሆነህ ሦስት ማዕዘኖቹን አትቆጥራቸውም፤ ነገር ግን ዓይንህ የሚይዘው ነገር አገኘ። ያ ልብስ የየትኛውም አገር ወታደር ሊለብሰው የሚችል ነበር፤ ከሦስት ማዕዘኖቹ በኋላ የአንድ አፍሪካዊ ንጉሥ ልብስ ሆነ። እኔ ይህን ለውጥ በፊልሙ ውስጥ ካለው ጦርነት ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ።

ከሐዋሳ፦ በ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገው ሽማግሌ የእኛ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሸክላው አዎን፣ ከእኛው ነው። ባለ አረንጓዴ ሙሉ ልብሱ ሽማግሌ የሚወክለው በፊልሙ ውስጥ ያለ ምናባዊ የወንዝ ዳር ጎሣ ነው፤ ጌጡ ግን የተወሰደው ከኦሞ ሸለቆዎቹ ሙርሲና ሱሪ ሕዝቦች ነው። ኦሞ የሚፈስሰው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዳንድ የማርቭል ካርታዎች ዋካንዳን ያስቀመጡትም እዚያው ሐይቅ አካባቢ ነው።

ሆኖም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። በሙርሲም በሱሪም ዘንድ የከንፈር ሸክላ የሴት ጌጥ ነው። ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። ዋካንዳ ልብ ወለድ አገር ናት፤ ከሌሶቶ ባሶቶዎች ብርድ ልብስ፣ ከንዴቤሌዎች የአንገት ቀለበት፣ ከሂምባዎች ቀይ አፈር ተውሳለች። መዋሱን አልቃወምም። ነገር ግን ጌጡ የማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት የሙርሲ እናት ፊልሙን ብታየው ምን ትላለች ብዬ ሳስብ ልቤ ቅር ይለዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ጌጥ እዚህ በንጉሥ ሸንጎ ከሚቀመጥ አማካሪ ፊት ላይ ነው ያለው፤ ማንም አይስቅበትም፤ ማንም አፍጥጦ አያየውም። ይህኛው አስደስቶኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ «ብላክ ፓንተር በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ጥቁር ነብር» አልኩት። ልክ ነኝ እህቴ?

አልተሳሳቱም፤ ግን የተሻለ ቃል አለን፤ ግስላ ይበሉት። ጥቁሩን ነብር አባቶቻችን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ስሙን ሲነግሩት ለምድንም አብረው ያስረዱት። በቀድሞው ዘመን ጦር ሜዳ ውሎ የመጣ ጀግና ትከሻው ላይ የአንበሳ፣ የነብር ወይም የግስላ ለምድ ይደርብ ነበር። የአውሬ ቆዳ ለብሶ ጀግንነቱን የሚያሳይ መኳንንት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከአያቶቻችን ፎቶግራፎች ላይ ይመለከተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ታሪካዊ ቴአትር ለምድ ሰፍቼ ነበር። ከጥቁር ከፋይ ነው የሠራሁት፤ ገበሩ ቀይ ነው፤ ጫፎቹ እንደ አውሬው እግር ተለጥጠው ይወርዳሉ። ከፎቶግራፍ ላይ አንድም ነገር ሳላጎድል ነው የገለበጥኩት። ልምምድ ላይ ተዋናዩ ጎራዴ ሊመዝ እጁን ሲያነሣ ለምዱ አብሮ ተነሥቶ አፉን ሸፈነው፤ ፉከራው ከከፋዩ ሥር ታፍኖ ቀረ። ፎቶግራፉ ውስጥ ያሉት መኳንንት ሁሉ ቆመው ወይም ተቀምጠው እንጂ እጃቸውን አንሥተው እንዳልተነሡ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። የቀኝ ትከሻውን ፈትቼ በመንጠቆ ያዝኩት፤ ጎራዴው ሲመዘዝ ወደ ኋላ እንዲወድቅ አደረግሁት። ከፎቶግራፉ ራቀ፤ ተዋናዩ ግን ጀግና መሰለ።

ከጅማ፦ ጭምብል ያደረገ ተዋናይ ስሜቱን በምን ያሳያል?

በአንገቱ፣ በትከሻውና በትንፋሹ። ኮሚክስ ላይ የ«ስፓይደርማን» ነጭ ዓይኖች ሲገረም ይሰፋሉ፣ ሲቆጣ ይጠባሉ፤ ሠዓሊው ደስ እንዳለው ይስላቸዋል። በ2002ቱ ፊልም ዓይኖቹ የማይንቀሳቀሱ ስለነበሩ ጭምብሉን ለመቅደድም ለማውለቅም ምክንያት ተፈለገ። በ2016 ግን ልብሱ ውስጥ መሣሪያ አለ ተብሎ ዓይኖቹ እንደ ካሜራ መስኮት ሲከፈቱና ሲዘጉ አየን። ለእኔ ይህ ለሥዕሉ ታማኝ የሆነ መፍትሔ ነው። በ«ብላክ ፓንተር» ደግሞ ልብሱ ከሐብል ውስጥ ወጥቶ ገላውን እንዲሸፍን ተደረገ፤ ጭምብሉም በፈለገበት ሰዓት ይገለጥለታል። ብላክ ፓንተርን ሆኖ የተጫወተውን የቻድዊክ ቦዝማንን የመሰለ ፊት ደብቆ መሸጥ የሚፈልግ ፊልም ሠሪ የለም።

ከድሬዳዋ፦ በድሮዎቹ ፊልሞች «ባትማን» አንገቱን የማያዞረው ለምንድን ነው? በሽታ አለበት?

በሽታው የልብሱ ነው። ለ1989ኙ ፊልም የተሠራው ጎማ መሰል ልብስ ከራስ ቁሩ እስከ ትከሻው አንድ ወጥ ስለነበር ተዋናዩ ማይክል ኪተን አንገቱን ማዞር አልቻለም። ወደ ጎን ለማየት ከወገቡ በላይ ጠቅላላ ገላውን ማዞር ነበረበት። አስገራሚው ነገር ይህ ችግር ገጸ ባሕርዩን ፈጠረለት፤ እንደ ሐውልት ቆሞ በዝግታ የሚዞር፣ የሚያስፈራ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተከተሉት ተዋንያን ይህንኑ ደረቅ አንገት ወረሱ። በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት» ላይ የራስ ቁሩ ከአንገቱ ተለየ፤ በታሪኩ ውስጥም ጀግናው ራሱ አንገቱን ማዞር እንደሚፈልግ ለልብስ አዘጋጁ ይናገራል። የልብስ ሰፊ ራስ ምታት የታሪክ አካል ሲሆን ሳይ እጅግ ደስ ይለኛል።

ከመቀሌ፦ «ሱፐርማን» ከሱሪው በላይ የሚያደርገው ቀይ ሙታንታ አስፈላጊ ነው?

እኔ አስፈላጊ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 ለአንባቢ ሲያቀርቡት በዘመኑ ሰው «ይህ ብርቱ ነው» ብሎ በአንድ እይታ የሚያውቀው ልብስ የሰርከስ ጉልበተኞች ልብስ ነበር፤ ሙታንታው ከዚያ የመጣ ነው። በ2013ቱ ፊልም ሙታንታውን አስቀሩት። ልብሱ ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ ጥሩር የከበደ ሆነ፤ ሰውየውም እንዲሁ የከበደውና የሚፈራ ሆነ። በ2025ቱ ፊልም መለሱት። ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን እንደተናገረው ያሳመነው ዋናው ተዋናይ ዴቪድ ኮረንስዌት ነው፤ ከሌላ ዓለም የመጣና ሕንፃ መጣል የሚችል ፍጡር ሕፃናት እንዳይፈሩት ከፈለገ እንዲህ ያለ ቀለማም ልብስ ነው የሚለብሰው አለ። አንድ ቁራጭ ቀይ ጨርቅ የሰውየውን ሐሳብ ሲናገር ታያላችሁ?

ከጎንደር፦ ልብሱን መለወጡን ተረዳሁ። ጠባዩንና ማንነቱን መለወጥስ? አንባቢውን መናቅ አይሆንም?

አንዳንዴ ለአንባቢው ክብር ሲባል መለወጥ ግድ ይሆናል። «ብላክ ፓንተር» ውስጥ ያለውን ምባኩን ውሰድ። በ1969 ኮሚክስ ላይ ሲወጣ የጎሪላ ቆዳ የለበሰ ጠላት ነበር፤ የተሰጠው መጠሪያም ሰውና ዝንጀሮን የሚያገናኝ ነበር። አፍሪካዊን እንዲህ ብሎ መጥራት ስድብ ነው፤ ቃሉን ማለስለስ አያስፈልግም። ፊልሙ መጠሪያውን ጣለው፤ ጎሪላው የተራራው ሕዝብ የጃባሪዎች መንፈሳዊ ምልክት ሆነ፤ ሰውየውም እንጨትና ጸጉራም ቆዳ የለበሰ፣ ኩሩና ተጫዋች መሪ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ከማንም በላይ ተጨበጨበለት።

የብላክ ፓንተር ተቀናቃኝ ኪልሞንገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በ1973 የተፈጠረው ገጸ ባሕርይ ፊልሙ ላይ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ውስጥ ያለ አባት ያደገ ልጅ ሆነ። ደረቱና ክንዱ ላይ የተደረደሩት ጠባሳዎች እያንዳንዳቸው አንድ የገደለውን ሰው ይቆጥራሉ፤ ልብሱን ገላው ላይ ጽፎታል። አሁን ሁለቱን ሐብሎች አስታውስ። ሹሪ ለወንድሟ ለቲቻላ፣ ማለትም ለብላክ ፓንተር፣ ሁለት ልብስ ታቀርብለታለች፣ አንዱ የብር፣ አንዱ የወርቅ። ቲቻላ ወርቁ ቢያምረውም ዓላማው አለመታየት መሆኑን ተናግሮ ብሩን ያነሣል። ኪልሞንገር ዙፋኑን ሲይዝ ወርቁን አነሣ። ምንም ንግግር አልተጨመረበትም። ዕድሜ ልኩን ማንም ሳያየው የኖረ ልጅ ነዋ!

ከሪያድ፦ የዋካንዳው ንጉሥ ሴት ጠባቂዎች በኮሚክሱም እንዲያ ነበሩ?

ዶራ ሚላጄ የሚባሉት እነዚህ ጠባቂዎች በ1998 ኮሚክስ ላይ ሲመጡ አጭር ቀሚስና ባለ ተረከዝ ጫማ ነበራቸው። ፊልሙ ላይ ቀይ የጦር ልብስ፣ የማሳይን ጥበብ የሚያስታውስ የዶቃ ሥራና ጠፍጣፋ ጫማ ተሰጣቸው። በተረከዝ ጫማ ሮጦ ጦር የወረወረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከቴል አቪቭ፦ በሁለተኛው የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም የለቅሶው ልብስ ነጭ መሆኑ የእናቴን ነጠላ አስታወሰኝ። ከእኛ የተወሰደ ነው?

ነጭ ተለብሶ የሚለቀስበት አገር ብዙ ስለሆነ ከእኛ ነው ብዬ አልናገርም። ግን የተሰማህን ስሜት አውቀዋለሁ። እናትህ ነጠላዋን ለቅሶ ቤት ስትሄድ ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ፊቷ ታመጣዋለች፤ በበዓል ቀን ጥለቱ ታች ነው። ጨርቁ ያው፣ ሴቲቱ ያቺው ናት፤ ግን ከሩቅ ያየ ሁሉ ምን እንደደረሰባት ያውቃል። የዋካንዳን ቀብር ሳይ እኔም ያለቀስኩት ቦዝማን በ2020 ስለ ሞተ ብቻ አልነበረም።

ከደብረ ብርሃን፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። «ጀምበር» የተባለውን የእኛን ኮሚክስ አንብቤ ስለ ራሳችን ልዕለ ጀግና የአሥር ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ተነሥቻለሁ። ለጀግናዬ ከሸማ ልብስ መስፋት እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

ጎበዝ! ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን ሲያወጣ፣ ከዚያም «ሐዊ» ስትከተል፣ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እጠብቅ ነበር። ሸማ ይቻላል፤ ነገር ግን ጠባዩን እወቂ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ይከብዳል፣ ላብም ይጠጣል፤ ለሩጫ አይሆንም። ነጠላ ቀላል ነው፣ ነፋስ ሲያገኘው ያምራል፤ ግን ከተወጠረ ስፌቱ ላይ ይሸሻል፣ ስለዚህ ከውስጥ ቀጭን ገበር ያስፈልገዋል። ሽሮ ሜዳ ወርደሽ ሸማኔውን ራሱን አነጋግሪ፤ ጠበቅ አድርጎ እንዲሠራልሽ ብትነግሪው ይገባዋል። ጥለቱንም ለጌጥ ብቻ አትጠቀሚበት። ጀግናሽ በመጀመሪያው ትዕይንት እንዴት ይለብሰዋል? በመጨረሻውስ? መጀመሪያ ይህን ወስኚ።

ከዚያ በፊት ግን ጥሩውን ጨርቅ በመቀስ አትንኪ። ልኩን ወስደሽ መጀመሪያ በአቡጀዲ ስፊው። አልብሽውና ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ አውርድልኝ በይው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የወደቀ መርፌ እንዲፈልግልሽ ጠይቂው። የት ጋ እንደሚጎትተው፣ የት ጋ እንደሚቀደድ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። እስኪበቃሽ ድረስ ደጋግመሽ ቅደጂው፤ አቡጀዲ ርካሽ ነው።