«በሬው ያውቀዋል» ማለት ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከገጠር የመጡ ተማሪዎቼ «በሬው ሰውየውን ያውቀዋል፤ ቂም ይዞበታል» ብለው ሲጽፉ «በደመ ነፍስ ነው» እያልሁ አርማለሁ፤ «አመል» የሚለውንም «ባሕርይ» በሚለው እተካለሁ። አግባብ ነውን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከሁለተኛው እርማት ልጀምር። «ባሕርይ» ከግእዝ የወረስነው፣ በጎንደር ዘመን ቅብዓትና ተዋሕዶ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ሊቃውንት በነገሥታቱ ፊት ጉባኤ ተቀምጠው የተከራከሩበት፣ ከአንድ ነገር ተፈጥሮ የማይለየውን የሚያመለክት ከባድ ቃል ነው። ማመስኳት የበሬ ሁሉ ባሕርይ ነው። ገበሬው «ይህ በሬ አመል አለው» ሲል ግን የሚናገረው ቀንበር ባየ ቁጥር ስለሚተኛው ስለዚያ አንድ በሬ ነው። ስለዚህ «አመል»ን መሰረዝ ልጁ በትክክል ያስተዋለውን ልዩነት መሰረዝ ነው።

«ደመ ነፍስ»ን ብዙዎቻችን የሳይንስ ቃል አድርገን እንወስደዋለን። ይሁን እንጂ ሥሩ የሥጋ ነፍስ በደሙ ውስጥ እንደ ሆነ በሚናገረው በኦሪት ቃልና የሰው ነፍስ ሕያዊት፣ ለባዊት (አሳቢ)፣ ነባቢት (ተናጋሪ) ናት በሚለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ነው፤ እንስሳ በአንጻሩ ሕይወቱ በደሙ የቆመ ደመ ነፍስ ይባላል። እርማትዎ እንግዲህ ተማሪውን ከአገር ቤት ዕውቀት ወደ ሳይንስ አያሻግረውም።

ምዕራባውያን ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ ስለ እንስሳ አእምሮ በአንድ ሐሳብ አልጸኑም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሎይድ ሞርጋን በ1894 እ.ኤ.አ. ዝቅ ባለ ችሎታ ሊብራራ የሚችለውን የእንስሳ ድርጊት ለላቀ አእምሮ እንዳንሰጥ አስጠነቀቀ። በ1960 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ ወዳለው ወደ ጎምቤ ደን የገባችው የቺምፓንዚ ተመራማሪ ጄን ጉዳል ግን ቺምፓንዚዎችን በቁጥር ፈንታ በስም እየጠራች የየራሳቸውን ጠባይ መዘገበች፤ በዚህም ተተቸች፤ በኋላ ግን ብዙዎች ተከተሏት። በእናንተው አቅራቢያ፣ በሰሜን ተራሮች፣ ጭላዳ ዝንጀሮን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም እያንዳንዱን በመልኩ ለይተው ይከታተላሉ፤ እረኛ ከብቱን አንድ በአንድ እንደሚለይ ማለት ነው።

«ያውቀዋል» የሚለውን እንግዲህ አይንኩት፤ ከብት አንዱን ሰው ከሌላው እንደሚለይ በሙከራም ተረጋግጧል። «ቂም ይዞበታል» የሚለው ግን የታየ ነገር ሳይሆን ከታየው የተወሰደ ትርጓሜ ነው፤ የታየው በሬው ያ ሰው ሲቀርብ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ መምጣቱ፣ ሌላው ሲቀርብ ግን ዝም ማለቱ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ በቀይ ከመሰረዝ ይልቅ በኅዳጉ «ምን አይተህ ነው?» ብለው ቢጽፉለት እመርጣለሁ።