ኮርድ ለመተካት ለምትቸኩሉ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታር ተሸክማችሁ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ለምትመጡ ልጆች፣ እንዲሁም ታክሲ ጥበቃው ሰልችቷችሁ ለቀራችሁ ይቺን ጻፍኩ።

ብዙዎቻችሁ ስለ ኮርድ መተካት፣ ማለትም አንዱን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) አንስቶ በቦታው ሌላ ስለ ማስገባት፣ ከዩቲዩብ ሰምታችኋል። እሰየው። በእኛ ጊዜ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ችግሩ ስሙ ከጣታችሁ መቅደሙ ነው። «ትራይቶን» ትሉኛላችሁ፤ «የቱ ጋ ነው የሚያዘው?» ስላችሁ አንገት ትደፋላችሁ።

እስቲ ጊታሩን አንሱ። አምፕ አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ቀጭኑን ክር 1 ብላችሁ ቁጠሩ። 4ኛው ክር 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ብረቶቹ የከፈሉት ቦታ) ላይ ኤፍ አለ። 3ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ቢ አለ። ትራይቶን የምትሉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት ነው። ሁለቱን ያዙና ከሥር በ6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ጂን ጨምሩ። ጂ ሰቨን ሆነ። አሁን ኤፍና ቢን ሳትለቁ፣ ጂን ትታችሁ በ5ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ዲ ፍላትን (ከዲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለውን) ያዙ። ዲ ፍላት ሰቨን ሆነ። ቤዙ (ከሥር ያለው ወፍራም ድምፅ) ተቀየረ እንጂ ወደ ሲ ግባ ግባ የሚሉት ሁለቱ ድምፆች ንቅንቅ አላሉም። አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከዲ ማይነር ሰቨን በዲ ፍላት ሰቨን አድርጋችሁ ሲ ሜጀር ሰቨን ስትገቡ፣ ቤዙ በ5ኛው ክር ላይ 5፣ 4፣ 3 እያለ ይወርዳል። ይህን ደጋግማችሁ ምቱት። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችሁ ሳያውቅ ጂ ላይ ቢቆይ ዓለም አይገለበጥም። ኮርዱ ጂ ሰቨን እንደሆነ ይቀርና ቅመም ይበዛበታል። ያ ደስ የሚለው አወራረድ ግን የለም። ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩት።

ዜማውንም አትርሱ። ዜማው ሲ ላይ ረዘም አድርጎ ሲያርፍ ዲ ፍላት ሰቨን አትምቱ። ኮርዱ ውስጥ ቢም ዲ ፍላትም ስላሉ ሲን ከታችና ከላይ ያፍኗታል። ዜማው ጂ ላይ ሲሆን ግን ሞክሩት፤ በጣም ነው የሚያምረው። ድምፃዊ አጅባችሁ ከሆነ ደግሞ ሳታስፈቅዱ ምንም አትተኩ። ሰውየው ቃናው ቢጠፋበት የሚያፍረው እሱ ነው።

በእኛ ቅኝት ላይ ስትሞክሩት ጥንቃቄው ይጨምራል። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኤፍ የለም፣ ቢም የለም። ጂ ሰቨንን ጂ ሰቨን ያሰኙት ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው ማለት ነው። ገና ተራውን ጂ ሰቨን ስታስገቡ እንኳ ሁለት እንግዳ ጠርታችኋል። በዚያ ላይ ዲ ፍላት ሲጨመር ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አንቺ ሆዬ ሌላ ነው፤ ከሲ ሲነሳ ሲና ጂ ፍላት በውስጡ ስላሉ ትራይቶኑ የራሱ ነው። ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒ ጋር ሲያዋህዱ የቅኝቱን ጠረን እንዴት እንዳቆዩት ልብ ብላችሁ አድምጡ። እኔ ትዝታ ላይ ተተኪ ኮርድ የማስገባው ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ ነው፤ እሱም አንዴ።

ስትለማመዱ ዜማውን በአፋችሁ እያንጎራጎራችሁ ምቱ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በሲ ሲለምድላችሁ ወደ ኤፍ ሂዱ። እዚያ የሚተካው ሲ ሰቨን ነው፣ በጂ ፍላት ሰቨን። ሳይቀየሩ የሚቀሩትን ሁለት ድምፆች ራሳችሁ ፈልጓቸውና ቅዳሜ ታሳዩኛላችሁ።