ስለ «ታላቁ አምባገነን» የፈለጋችሁትን ጠይቁ

የቻርሊ ቻፕሊንን ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ቶሜኒያ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች አገር አለች። ገዢዋ ሂንክል ይባላል። ሂትለር መሆኑን ለማወቅ ጢሙን ማየት ይበቃል። እዚያው ከተማ እሱን ቁርጥ የሚመስል አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ ይኖራል። ሁለቱንም የሚጫወተው ቻፕሊን ነው። የቀረውን ራሳችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ እህቴ ጀርመን ነው የምትኖረው። የሂንክል ንግግር ምንም አልገባኝም አለችኝ።

አይገባትማ! ጀርመንኛ የሚመስል ትርኪ ምርኪ ነው። ሲጮህ ማይክሮፎኖቹ ሳይቀሩ ፈርተው ይጎብጣሉ።

ጥያቄ፦ ቻፕሊን አይሁድ ነበር?

አልነበረም። ናዚዎች ግን ነው ይሉ ነበር።

ጥያቄ፦ ሙሶሊኒም አለበት የሚባለው እውነት ነው?

ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አዎ፣ አለበት። የባክቴሪያ ገዢ ናፓሎኒ ሆኖ ነው የመጣው። ተዋናዩ ጃክ ኦኪ ነው። ገና ሲመጣ ባቡሩ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ምንጣፉ ላይ አልቆም ይላል፣ ምንጣፍ ያዦቹም ይከተሉታል። ሂንክል እንግዳው ከታች ወደ ላይ እንዲያየው ብሎ አጭር ወንበር ያዘጋጅለታል። ሰውዬው ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ! ከዚያ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ይቀመጡና «እኔ ልብለጥ» እያሉ ወንበራቸውን ወደ ጣሪያው ያስነሱታል።

አሁን ቀኑን አስቡት። ፊልሙ ኒውዮርክ ላይ የታየው በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1940። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች። አርበኞቹ ዱር ቤቴ ብለው ገና እየተዋጉ ነው። ንጉሡ የገቡት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ነው። እኛን በመርዝ ጋዝ የፈጀው ሰውዬ ሲኒማ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሳቅበት ማለት ነው። እኔ እዚህ ጋ የምስቀው ሳቅ ከሌላው ትንሽ ይለያል።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ነገር መሳቅ አይከብድም?

ይከብዳል። ቻፕሊን ራሱ በፈረንጆቹ 1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የማጎሪያ ካምፖቹን እውነተኛ ጉድ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን መሥራት እንደማይችል ጽፏል። ቀረጻው የተጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ወር፣ ሴፕቴምበር 1939 ነው። የካምፑን ትዕይንት ዛሬ ሳይ ሳቄ ይቆማል። ሂንክል የዓለም ካርታ የተሳለበት ፊኛ እያንሳፈፈ ሲደንስ ግን ያለ ሐሳብ እስቃለሁ። እዚያ የሚሳቅበት ትዕቢቱ ብቻ ነዋ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ንግግር አልረዘመም?

ረዝሟል፣ አልዋሽም።

ጥያቄ፦ ከልጆች ጋር ይታያል?

ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ትንንሾቹ የባቡሩንና የወንበሩን ጨዋታ ይወዱታል። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በወንበር ላይ ለሚመጣው ጣጣ ግን እኔ የለሁበትም።