ወንድ ሲያድን ሴቷ ምን ትሰራ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ! የቤት ስራ ነገር በተነሳ ቁጥር ባለቤቴ «ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ወንድ አድኖ ያበላል፣ ሴት እሳት ዳር ትቀመጣለች፣ ተፈጥሮ ነው» ይለኛል፣ እኔም የምመልሰው አጣለሁ። እውነት እንደዛ ነበር እንዴ? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይ እህቴ፣ እንደዛ አልነበረም። በብዙ ቦታ ትልልቅ አውሬ የሚያድኑት በብዛት ወንዶች መሆናቸውን አልክድም፣ ግን «ትቀመጣለች» የምትለዋ ቃል ጨርሶ አትዋጥልኝም።

ፔሩ ውስጥ አንዲስ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ የተቀበረ ሰው ተገኘ፣ አጠገቡ የጦር ጫፍ፣ ቢላ፣ ቆዳ መፋቂያ፣ ሁሉም ከድንጋይ የተሰራ፣ አንድ ላይ ተቀምጦለት። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ይሄማ የታወቀ አዳኝ፣ የጎሳ አለቃ መሆን አለበት ብለው ነበር፣ በኋላ ከጥርሱ የተወሰደው ፕሮቲን ላብራቶሪ ሲገባ ለካ ከ17 እስከ 19 ዓመት የሚሆናት ወጣት ሴት ናት።

እሺ እሳት ዳር የቀረችውስ? ሶሪያ ውስጥ አቡ ሁረይራ የሚባል፣ እርሻ ገና ሲጀማመር የነበረ ጥንታዊ መንደር አለ። እዛ የተገኙ የሴቶች አፅሞች የእግር አውራ ጣታቸው መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ ጉልበታቸውና ወገባቸው ተጎድቷል፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በየቀኑ ለሰዓታት ተንበርክከው እህል ሲፈጩ የመጣ ነው። አያቱ ወፍጮ ላይ አጎንብሳ መጅ ስትገፋ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ትከሻዋ ከነላቧ ትዝ ይለዋል፣ ያ ካልተፈጨ ደግሞ ማንም እራት አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናትም የመካከለኛው አውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ገበሬ ሴቶች የክንድ አጥንት ከዛሬ የጀልባ ቀዘፋ ስፖርተኛ ሴቶች ጋር ተወዳድሮ የጥንቶቹ ነው በጥንካሬ በልጦ የተገኘው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የድንጋይ መሳሪያ በተገኘ ቁጥር ሰሪው ወንድ ነው ተብሎ መታለፉ ነው። እዚሁ ኮንሶ ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፣ የተጠረበውን ድንጋይ እንጨት እጀታ ላይ ይሰኩታል፣ ሲዶለዱም መልሰው ይስሉታል፣ ሙያውንም ልጅ ከእናቷ ነው የምትማረው።