ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ልቀቁት

ሬዲዮ ጣቢያ ገብታችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በድምፅ ባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ዘፈን ቆርጫለሁ። ዜና ሊነበብ ሲል፣ ማስታወቂያ ሲደርስ፣ አቅራቢው መናገር ሲያምረው ጣቴ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ይህ ልማድ ያስደነገጠኝ በአንድ ሌሊት ነው።

ለሥልጠና ጀርመን ሄጄ፣ ከኮሎኝ ወደ ዱሰልዶርፍ በመኪና እንጓዝ ነበር። ከሬዲዮው የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሞተር ሲነሣ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ተሰማ። የክራፍትቨርክ የሙዚቃ ቡድን ዘፈን «አውቶባን» ነበር፤ ቃሉ በጀርመንኛ ፈጣን የመኪና መንገድ ማለት ነው። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ዱሰልዶርፍ ውስጥ የመሠረቱት ቡድን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥራ ነው። ከ22 ደቂቃ በላይ ስለሚቆይ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይሞላል። እኔ እስከዚያ የማውቀው ለሬዲዮ ተብሎ ከአራት ደቂቃ በታች የተደረገውን ነበር።

የሌሊቱ አቅራቢ ሙሉውን ለቀቀው። በግጥሙ ውስጥ ተጓዦቹ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውም ያው የሚዘፍኑት ዘፈን ነው። እኛም በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ፣ በሬዲዮ እየሰማነው ነበር! ደርሰን ስንቆም ዘፈኑ አላለቀም። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ሬዲዮውን ግን አልነካውም። ከመካከላችን በር የከፈተ የለም።

አጭሩን ቅጂ አልንቅም። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ መጽሔት የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 25ኛ ደረጃ የደረሰው እርሱ ነው፤ ብዙ አድማጭም ወደ አልበሙ የገባው በእርሱ በኩል ይመስለኛል። የምለምናችሁ፣ ሙሉውን ሳትሰሙ መቀስ አታንሡ። ዛሬ ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ ስለሚቆርጥላችሁ ልመናዬ ይበረታል።

አድማጭ የሚያንስበትን የሌሊት ሰዓት ከአለቃችሁ ጠይቁ። ከአልበም ውስጥ ማንም የማይመርጠውን ረጅም ዘፈን አውጡ። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ተናግራችሁ ዝም በሉ። ርዝመቱን አትደብቁ፤ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ተመቻችቶ ይቀመጣል። ሲያልቅም ማይክሮፎኑን ወዲያው አትክፈቱ። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ በልቤ እስከ አምስት እቆጥር ነበር።