የሳንባ ሕመምተኛ ሁዳዴን እንዴት ይጹም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዕድሜዬ 59 ነው። 30 ዓመት በማገዶ እንጀራ ስጋግር ኖሬያለሁ። ሐኪም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ነው ብሎኛል። በአንድ ዓመት ከ61 ኪሎ ወደ 49 ወረድኩ። እንቁላልና ወተት ብዪ ተባልኩ፤ ሁዳዴ ደግሞ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም። ኃጢአት ይሆንብኛል? የሚነፋው መድኃኒትስ ጾም ያስፈታል?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ኃጢአት አይሆንብዎትም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ለይቶ ነው የሚያየው። ግን በራስዎ አይወስኑ። ለንስሐ አባትዎ ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ይንገሯቸው፤ እሳቸው ይፍቀዱልዎት። ያኔ ሲበሉ ልብዎ አይከፈልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው መተንፈሱን ልብ ሳይለው ይውላል። የእርስዎ ደረት ግን ቁጭ ብለውም ሥራ ላይ ነው፤ የበሉት እዚያው ያልቃል። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ይበላል። የመተንፈሻው ጡንቻም አይቀርለትም። ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ መብላት ይደክምዎታል፣ ኪሎ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ደግሞ ይብስበታል። 12 ኪሎ ግን ብዙ ነው። የሳንባ ነቀርሳም ሆነ ሌላ ነገር አብሮ እንዳለ ይመርመሩ።

ኤልያስን ያስታውሱ። 40 ቀን ከመጓዙ በፊት መልአኩ ሁለቴ ቀስቅሶ አብልቶታል፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብሎ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌም የሚገርመኝ ሁለተኛው መቀስቀስ ነው። አንዴ በላህ፣ ይበቃሃል አላለውም።

እርስዎም እንደዚያው በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ሆድ ጥርቅም ሲል ሳንባን ወደ ላይ ይገፋል፤ ትልቅ ትሪ ሙሉ እንጀራ አይመችዎትም። ከመብላትዎ በፊት ትንሽ ይረፉ። በጉርሻና በጉርሻ መካከል ተንፍሱ። ልጆችዎ «እማዬ ብዪ ብዪ» እያሉ ቢያዋክቡዎት «ቆይ፣ ልተንፍስ» ይበሉ።

አባትዎ «በጾም ምግብ ይሁን፣ ሰዓቱን ግን ይተዉት» ቢሉዎት ጎመንና ቲማቲም ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ። ጥቂት በልተው ብዙ የሚያገኙበትን ይምረጡ፦ የሱፍ ፍትፍት፣ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ አቮካዶ፣ ተልባ። ይህም ኪሎውን ካላቆመው እንቁላሉና ወተቱ መድኃኒትዎ ነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ብሎ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል።

የሚነፋው መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ጾም ያስፈታል ብዬ አላስተምርም። ከነፉት በኋላ አፍዎን ተጉመጥመጡ ከተባሉ ውኃውን ይትፉት። የሚቆርቡ ከሆነ ግን ይህንንም ለአባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ጠበል ገባሁ ብለው መድኃኒቱን ማቋረጥ የሚባለውን ነገር ደግሞ በፍጹም አይስሙ። ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው።

ስግደቱ ይቅርብዎ። ቅዳሴም ሲያስቀድሱ ዕጣኑ ከሚበዛበት ራቅ ብለው፣ ከዛፉ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጡ። ድምፁ እዚያም ይደርሳል።