ከበረት ወደ ላቦራቶሪ፤ ለደሴዋ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የተሰጠ መልስ

ከደሴ የጻፍሽልን እህታችን፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትሽን በዚህ ዓመት እንደምትጨርሺ፣ ቤተሰቦችሽ በወረዳ እንድትቀጠሪ እንደሚፈልጉ፣ አንቺ ግን የወተት ላሞች የእንግዴ ልጅ ሳይወጣ የሚቀርበትን ምክንያት ከአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ፕሮቲኖች አንጻር ለማጥናት ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል እንደምትመኚ ገልጸሽ፣ ጥናቱ እንጀራ ይሆንሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይሆንሻል፤ ነገር ግን የወረዳውን ሥራ አስቀድመሽ ብትይዢ እመርጣለሁ።

የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ግድግዳ ጋር አጥብቆ የሚይዘው በዋናነት ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ላሟ የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ኮላጅኔዝን የመሰሉ ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ መያያዣዎቹ ገብተው መላቀቁን ያግዛሉ። ይህ ሂደት ሲጓደል፣ ብዙውን ጊዜ ላሟ በወለደች በ12 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው የእንግዴ ልጅ 24 ሰዓት አልፎትም ይቆያል። ከጀርባው መንታ መውለድ፣ አስቸጋሪ ምጥ፣ ውርጃ፣ የካልሲየም ማነስ፣ ሴሊኒየም የተባለው ማዕድንና የቫይታሚን ኢ እጥረት ወይም ብሩሴሎሲስ የተባለው ላሞችን የሚያስወርድ የባክቴሪያ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህን በረት ውስጥ ያልመዘገበ ተመራማሪ የኮላጅኑን መጠን በትክክል ቢለካ እንኳ ለምን ሳይሰበር እንደቀረ ሊያስረዳ አይችልም።

ስለዚህ ድቅል የወተት ላሞች በሚረቡበት አካባቢ ተመደቢና የእያንዳንዷን ላም መኖ፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነና የእንግዴ ልጁ የወጣበትን ሰዓት መዝግቢ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያላት መሆኗ ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው፤ ውርጃ ሲያጋጥምሽ ናሙና መላክን ልመጂ፣ ከባለሙያዎቹም ጋር ተዋወቂ። ብሩሴሎሲስ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ያለ ረጅም ጓንት የእንግዴ ልጅ አትንኪ፤ አርቢው ቢለምንሽም በእጅሽ ጎትተሽ አታውጪ፣ ማኅፀኑን ያቆስላልና።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ስትመርጪ በእጅሽ ባለው መሣሪያ ሊለካ የሚችለውን ምረጪ። የኢንዛይም እንቅስቃሴ መለካት ናሙናውን ከፍተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ማቆየትን ስለሚጠይቅ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ድካምሽ ሊጠፋ ይችላል፤ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን የተያዘ ሕብረ ሕዋስን ቀለም ነክሮ ኮላጅኑን በማይክሮስኮፕ ማየት ግን እጅግ ቀላል ነው። በኮላጅን ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በመለካት የኮላጅኑን መጠን መገመትም ይቻላል። ለአማካሪነት የምታስቢውን መምህር ከማመልከትሽ በፊት በአካል አግኝተሽ፣ የትኞቹ መሣሪያዎች ዛሬ እንደሚሠሩና ኬሚካሉን ማን እንደሚገዛ ጠይቂው።